በሕልም የመጣ መርዶ

ጽገረዳ ሃድጉ ለገሃር አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናት። ዕድሜዋ አርባ ሦስት ነው። ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቷ ከወይዘሮ መብርሂት ጋር ትኖራለች። አግብታ ፈትታለች፣ ልጅ የላትም፤ ስለ ሁለቱም ለሚጠይቃት ሰው «አልሆነም፣ አለቀ» ብላ ታልፈዋለች። መሥሪያ ቤት ውስጥ ፋይል ሲጠፋ ሰው የሚጠይቀው እሷን ነው። ከወረቀቷ ቀና ሳትል «ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከታች፣ ሰማያዊው ክላሰር» ትላለች። እዚያው ይገኛል።

እንግዲህ አንድ የመጋቢት ጠዋት በሕይወት ያለ ወንድሟን ሞተ ብላ ጎረቤት የሰበሰበችው እንዲህ ያለችው ሴት ናት።

ነገሩ የጀመረው በራስ ምታት ነው። ጥቅምት ላይ ግንባሯን ጠፍሮ የሚይዝ ሕመም አልለቃት ሲል ሐኪም ቤት ሄደች። ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ መድኃኒት ጻፈላትና «ጭንቀት ቀንሺ» አላት።

«ጭንቀት ጨው ነው እንዴ ቀንሺ የሚለኝ!» አለች በማግስቱ ለሥራ ባልደረባዋ ለሊዲያ።

ሊዲያ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ለሁሉም ነገር መፍትሔ አላት። «ጽጌ፣ በቃ እኔ የምሄድበት ልውሰድሽ። ሜዲቴሽን ነው። ካዛንቺስ። ቁጭ ብሎ መተንፈስ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።»

«ለመተንፈስ ካዛንቺስ ድረስ?»

«ነይ ስልሽ!»

ጽገረዳ ተወልዳ ያደገችው ካዛንቺስ ነው። ያ ሰፈር ግን ፈርሷል፤ የእነሱ ቤት በነበረበት ላይ ሰፊ መንገድ አልፏል። ሊዲያ የወሰደቻት ከመንገዱ ዳር ከተረፉት ፎቆች ወደ አንዱ ነው። ከሥር ፋርማሲ፣ ከላይ የጥርስ ክሊኒክ አለ፤ መሐል ሦስተኛው ፎቅ ላይ አሥራ ሁለት ያህል ሰው ምንጣፍ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል። አስተማሪው ዮአብ ይባላል። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ኮምፒውተር ተምሮ ሦስት ዓመት ከሠራበት በኋላ ትቶት፣ ውጭ አገር ሄዶ የአሥር ቀን ሥልጠና ወስዶ፣ የቀረውን ከኢንተርኔት ለቃቅሞ ነው ማስተማር የጀመረው። ክፉ ልጅ አይደለም። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሰው ሲያወራው ከልቡ የሚሰማ ነው።

«ዓይናችሁን ጨፍኑ» አለ። «ትንፋሻችሁ ሲገባና ሲወጣ ዝም ብላችሁ ተመልከቱት። ሐሳብ ሲመጣ አትጣሉት፣ ሲሄድም አትሸኙት።»

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት መልካም ነበሩ። ራስ ምታቱ ለቀቃት። ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚገፋት ሰው ሲያጋጥማት እንኳ እንደ ድሮው ደሟ አይፈላም። እናቷም ልብ ብለው «ፊትሽ ተፈታ፣ ጓለይ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እናትና ልጅ ቤት ውስጥ ሲሆኑ ትግርኛና አማርኛ ያደባልቃሉ፤ እሷም እናቷን «አደይ» ነው የምትላቸው።

ችግሩ ጽገረዳ አንድ ነገር ከያዘች በልክ መያዝ አታውቅም። ዮአብ «በቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል» ያለውን አርባ አደረገችው፤ አርባው አንድ ሰዓት ሆነ። ከጥር ወዲህ ደግሞ ጎህ ሲቀድ አንድ ሰዓት፣ ከሥራ መልስ አንድ ሰዓት ትቀመጥ ጀመር። በዚያው ሰሞን ዮአብ ፈጣን አተነፋፈስ የሚባል ልምምድ አሳያቸው፤ በአፍንጫ ቶሎ ቶሎ ስቦ፣ ቶሎ ቶሎ አስወጥቶ፣ ከዚያ ትንፋሽን መያዝ ነው። ሌሎቹ ሦስት ዙር ሠርተው ሲያርፉ እሷ አሥር ትሠራለች።

አንድ ቀን ጠዋት ተቀምጣ ሳለ ከወገቧ በታች ትኩስ ነገር ተነሣ። ሙቅ ውኃ ያፈሰሱባት ያህል ነው፤ ልዩነቱ ውኃው ወደ ላይ መውጣቱ ነው። ጀርባዋን ይዞ እስከ ማጅራቷ ደረሰ። መዳፎቿ አሮጌ ፍሪጅ ላይ የተደገፈች ይመስል ነዘሯት። ዓይኗን ስትገልጥ ያልፋል ብላ ነበር፤ አላለፈም። በሚኒባስ ስትሄድ፣ ማኅተም ስትመታ፣ ቡና ስትጠጣ ንዝረቱ አብሯት ዋለ። ስቴፕለር ሲጫን የሚያሰማው ድምፅ ጥርሷን ያንቀጠቅጣት ጀመር።

ከዚያ ሕልሙ መጣ። ድሮ ሕልም አይታ የምታስታውስ ሰው አልነበረችም። አሁን ግን በአንድ ሌሊት አራትና አምስት ታያለች፤ ሁሉም ቀለማቸው የደመቀ፣ ሽታ ያላቸው፣ የሰው ድምፅ ጥርት ብሎ የሚሰማባቸው ናቸው። መዝገብ ቤቱ ወንዝ ሆኖ ፋይሎቹ ሲንሳፈፉ ታያለች። የሞቱት አባቷ ካዛንቺስ ቤት በር ላይ ቆመው ጫማቸውን ሲጠርጉ ታያለች፤ የጫማው ቀለም ይሸታታል። ስትነቃ የተኛች ሳይሆን ሌሊቱን ሙሉ መንገድ ስትሄድ ያደረች ያህል ይደክማታል።

ለዮአብ ነገረችው። ፊቱ በራ።

«ጽጌ! ኢነርጂው እየተነሣ ነው እኮ። ሰው ስንት ዓመት የሚጠብቀው ነገር ነው። አትፍሪው፣ ማለቴ... በቃ ልቀቂው፣ ይሂድ። ቀጥዪ።»

«እንቅልፍ ግን የለኝም። ሦስት ሰዓት ብተኛ ነው።»

«ሰውነትሽ ብዙ እንቅልፍ አያስፈልገውም ማለት ነዋ።»

እውነቱን ለመናገር ደስም ብሏታል። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ጎበዝ፣ ጠንቃቃ፣ ታማኝ ተብላ ታውቃለች እንጂ ልዩ ነሽ ያላት ሰው አልነበረም። ቀጠለች።

የካቲት ላይ ሁዳዴ ገባ። ጽገረዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሥራ ላይ ስለሆነች አንድ ብርጭቆ ሻይ ትጠጣና ታልፈዋለች፤ ከሥራ ወጥታ ካዛንቺስ ትሄዳለች፤ ቤት ስትገባ ትንሽ ሽሮ ቀማምሳ ክፍሏን ትዘጋለች። ቀሚሷ ወገቧ ላይ ሰፋ።

«ዓይንሽ ለምን እንደ ትኩሳታም ያበራል?» አሏት እናቷ አንድ ቀን።

«ደህና ነኝ፣ አደይ።»

ወይዘሮ መብርሂት ሠላሳ አራት ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። የማያውቁትን በሽታ ስም ለመስጠት አይቸኩሉም። ዝም ብለው ያያሉ፤ ያዩትን ይይዛሉ።

መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ አንድ ሐሙስ፣ ጽገረዳ ከሥራ መልስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች። ለጎህ ልምምዷ እንዲቀሰቅሳት የሞላችውን ስልክ በእጇ እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። በሕልሟ ስልክ ጮኸ። አነሣችው። የሰውየው ድምፅ የረጋ ነበር፣ በትግርኛ «አሉላ ዓሪፉ» አላት። አርፏል ማለቱ ነው። መቼ ስትለው ትናንት አላት። የት ስትለው ቤቱ አላት። ከዚያ «ለእናትሽ ብቻሽን እንዳትነግሪያት» አላት።

አሉላ ታናሽ ወንድሟ ነው። መቀሌ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ያስተምራል፣ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት።

ጽገረዳ ነቃች። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ስልኩ እጇ ላይ ነው። ልቧ ይደልቃል፣ ጀርባዋ ይነዳል፣ ጆሮዋ ውስጥ የሰውየው ድምፅ አለ። ሕልም ነው የሚል ሐሳብ ጭራሽ አልመጣላትም። አላለቀሰችም። ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቷ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ለኪዳን ይወጣሉ፣ ከዚያ በፊት ሰው መሰብሰብ አለበት።

ነጠላዋን ጣል አድርጋ የጎረቤቷን የእትዬ ጀማነሽን በር አንኳኳች። እትዬ ጀማነሽ የብሎኩ እድር ሰብሳቢ ናቸው፤ በሩን ሲከፍቱ ፊቷን አይተው ገባቸው።

«ማን?»

«አሉላ። አሁን ከመቀሌ ደወሉልኝ።»

መርዶ ይዞ ለቆመ ሰው መስቀለኛ ጥያቄ አይቀርብለትም። እትዬ ጀማነሽ «እኔን!» ብለው አፋቸውን ያዙ፤ ወዲያው ልብሳቸውን ለብሰው ከበር በር ሄዱ። ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ሰባት ሰው ደረጃው ላይ ተሰበሰበ። ከወንዶች የእድሩ ጸሐፊ አቶ ታዲዎስ አሉ፤ ካፖርታቸውን በፒጃማ ላይ ደርበዋል።

ወይዘሮ መብርሂት ነጠላቸውን አጣፍተው ጫማቸውን ሊያደርጉ ሲሉ በሩ ተከፈተ። መርዶ ሊያረዳ የመጣ ሰው አገባቡ ይታወቃል፤ ፈጥኖ ይገባል፣ ደህና አደራችሁ አይልም። ወይዘሮ መብርሂት ሁሉንም አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ራሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ማን ነው?»

«እትዬ መብርሂት፣ እንግዲህ እግዚአብሔር የሰጠውን...»

«ማን ነው አልኩ፣ ጀማነሽ።»

«አሉላ ነው፣ እናቴ። አሉላ አረፈ።»

የወይዘሮ መብርሂት ሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ወጣ። ከኋላ አንዲት ሴት እሪ ማለት ስትጀምር ግን አንዱን እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ቆዩ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ማን ነገረሽ?»

«ደወሉልኝ።»

«ማን ደወለልሽ?»

«ሰውዬ ነው... በትግርኛ...»

«ስሙስ?»

«አልነገረኝም።»

«በስንት ሰዓት?»

ጽገረዳ አሥራ አንድ ሰዓት ልትል አፏን ከፈተች፤ አሥራ አንድ ሰዓት ግን የነቃችበት ነው።

«ስልክሽን አምጪ።»

ወይዘሮ መብርሂት መነጽራቸውን አደረጉ፤ የጥሪው ዝርዝር የት እንዳለ ግን አላገኙትም። ለአቶ ታዲዎስ ሰጧቸው። አቶ ታዲዎስ ስልኩን ወደ መብራቱ አስጠጉ።

«የመጨረሻው ጥሪ ትናንት አሥር ሰዓት ነው። ሊዲያ ይላል። ከመቀሌ እሑድ ነው። ከዚያ ወዲህ የለም።»

«ሌላ ስልክ አለሽ እንዴ፣ ጽጌ?» አሉ እትዬ ጀማነሽ።

«በዚህ አይደለም የደወሉት። በጥቁሩ ነው። የቤቱ ስልክ ነው የጮኸው።»

«የትኛው ቤት?»

«የካዛንቺሱ» አለች ጽገረዳ።

የካዛንቺሱ ቤት ፈርሷል። ጥቁሩ ስልክ ደግሞ ቤቱ ከመፍረሱ ከብዙ ዓመት በፊት ተነቅሏል። ጽገረዳ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ሰማችው፤ በግድግዳው ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

አቶ ታዲዎስ ወደ አሉላ ደወሉ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ተቋረጠ። ድጋሚ ደወሉ። አሁንም አልተነሣም። እትዬ ጀማነሽ ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ ይጸልያሉ። በሦስተኛው በእንቅልፍ የተዘጋ የወንድ ድምፅ ወጣ።

«ጽጌ? ደሓን ዲኺ?» ደህና ነሽ ወይ ማለቱ ነው።

«አሉላ ነህ?» አሉ አቶ ታዲዎስ።

«አዎ፣ ማን ልበል?»

«በሕይወት አለህ?»

«ማለት?»

ወይዘሮ መብርሂት ስልኩን ነጥቀው ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ምንም ሳይናገሩ ልጃቸው «አደይ? አደይ?» ሲል ብዙ ሰሙት። ከዚያ «ተኛ፣ ወደይ፣ ልጄ። ደህና ነን» ብለው ዘጉት።

ከሰዎቹ አንዱ በድንጋጤ ሳቀ። አንዷ እልል አለች። «ሞተ የተባለ ዕድሜው ይረዝማል» ያለም ነበር። እትዬ ጀማነሽ ግን አልሳቁም። ወለሉ ላይ ያለችውን ጽገረዳን ቁልቁል አይተው «ለእናት ልጅሽ ሞተ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አፌ ነው ያወጣው» ብለው ወጡ።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ጽገረዳ «አደይ፣ አብጃለሁ?» አለች።

ወይዘሮ መብርሂት ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጡ፤ እንዲያ ከተቀመጡ ስንት ዓመታቸው። እጇን ይዘው የግድግዳውን ሰዓት እያዩ የልቧን ምት ቆጠሩ።

«መቶ ሃያ ስድስት» አሉ። «ትናንት ምን በላሽ?»

«ሻይ ጠጥቻለሁ።»

«በዚህ ሳምንት ስንት ሰዓት ተኛሽ?»

«ሦስት... አንዳንዴ ሁለት።»

«ማበድሽን በኋላ እናያለን። መጀመሪያ ብዪ።»

አጥሚት አፍልተው ሁለት ኩባያ አጠጧት፤ ዳቦ በእንጀራ ላይ ጨምረው አስበሏት። የንስሐ አባታቸው አባ ኃይለገብርኤል በስልክ «ለታመመ ሰው ጾም የለም፤ ወተቱንም ሥጋውንም ትብላ» አሉ። ረፋድ ላይ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ ሳትቸኩል ጠየቀቻት። ነቅተሽ ሳለ ድምፅ ትሰሚያለሽ? ሰዎች የሚከታተሉሽ ይመስልሻል? ራስሽን መጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ? ጽገረዳ ሁሉንም የለም አለች። ደም ተወሰደ፤ ስኳርና እንቅርት ታየ፤ ከደም ማነስ በቀር ደህና ነው።

«ሰው እንቅልፍ ካጣ፣ ካልበላ፣ በዚያ ላይ በየቀኑ እንደዚያ ከተነፈሰ ሕልምና እውን ይደባለቅበታል» አለች ሐኪሟ። «ለጥቂት ቀን የምትተኚበት መድኃኒት እሰጥሻለሁ። ልምምዱን ለጊዜው ሙሉ በሙሉ አቁሚ። እንቅልፍሽ ተመልሶም እንዲህ ያለ ነገር ከደገመሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ነይ።»

ሥራ አንድ ሳምንት ፈቃድ ወሰደች። ከጎረቤት አንዷ «ይቺ ልጅ ጠበል ነው የሚያስፈልጋት» ብላ ስትመጣ ወይዘሮ መብርሂት አልተከራከሩም። «ጠበልም እንሄዳለን። ሆዷ ሞልቶ፣ እንቅልፏን ጠግባ ትሄዳለች» አሉ።

በሦስተኛው ቀን ሊዲያና ዮአብ መጡ። ሊዲያ ብርቱካን ይዛለች። ዮአብ ምንም አልያዘም፤ የተቀመጠውም በሶፋው ጠርዝ ነው። ታሪኩን ሊዲያ ነግራው ስለነበር ጽገረዳን በዓይኑ ማየት አቃተው።

«አስተማሪው አንተ ነህ?» አሉ ወይዘሮ መብርሂት።

«አዎ፣ እማማ።»

«እንቅልፍ የለኝም ስትልህ ምን አልካት?»

ዮአብ እጆቹን አሻሸ። «ቀጥዪ አልኳት። እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ማለቴ... አላውቅም ነበር። ያነበብኩት ነገር በዓይኔ ፊት መጣ ብዬ ደስ አለኝ። እኔ ራሴ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ከእኔ በልጣ የሄደች መስሎኝ ነበር።»

ጽገረዳ ይህን ስትሰማ ከመናደድ ይልቅ አዘነችለት። እሷም የበለጠች መስሏት ነበርና።

ወይዘሮ መብርሂት ሻይ ቀዱለት። «ሥራ ስጀምር አለቃዬ እንዲህ ብላ አስተምራኛለች» አሉ። «ምጥ ላይ ያለችን ሴት፣ ምን እንደሆነ ያላወቅሽው ነገር ሲገጥምሽ 'ግፊ' አትበያት። 'ቆዪ' በያትና የሚያውቅ ጥሪ። አንተ ግፊ ነው ያልካት።»

«አዎ።»

«በል ሻይህን ጠጣ። ይበርዳል።»

ዮአብ በዚያው ሳምንት ፈጣኑን አተነፋፈስ ከትምህርቱ አወጣው። ሥልጠና ለሰጡት ሰዎችም ጽፎ ጠየቃቸው፤ የመለሱለት ከወይዘሮ መብርሂት ምክር ብዙ አይርቅም። ያቁሙ፣ ይብሉ፣ ይተኙ፣ በእግራቸው ይሂዱ፣ በእጃቸው ይሥሩ።

ማቆሙ ግን እንደ መብራት ማጥፋት አልሆነላትም። ልምምዱን ብትተወውም ንዝረቱ አልተዋትም። በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ተመልሳ በሚኒባስ ስትሄድ ላንቻ ጋ ከወገቧ ተነሥቶ ማጅራቷን ያዛት። ወራጅ አለች። መንገድ ዳር ቆማ ጫማዋን አስፋልቱ ላይ አጥብቃ ተጫነች፤ የሱቅ መዝጊያውን ብረት ነካች፣ ቀዝቃዛ ነው፤ ውኃ ገዝታ የእጅ አንጓዋ ላይ አፈሰሰች። ቀስ ብሎ ለቀቃት። የቀረውን መንገድ በእግሯ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሲመጣባት የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ አትታገለውም፣ አትከተለውም፣ አትኮራበትምም። ጠዋት ጠዋት ከእናቷ ጋር ከጎተራ ላንቻ ደርሰው ይመለሳሉ። መሥሪያ ቤት ለዓመታት ያላንቀሳቀሰችውን የአሮጌ ፋይል ክምር በራሷ እጅ አውርዳ አቧራውን ጠረገች፤ በዚያ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተኛች።

እናቷ ስለ አክስታቸው የነገሯትም በእነዚያ የጠዋት ጉዞዎች በአንዱ ነው። የወይዘሮ መብርሂት አክስት መነኩሲት ነበሩ። «አንዲት አዲስ ገቢ ጸሎት አብዝታ፣ እህል ትታ፣ ብርሃን አየሁ ማለት ስትጀምር እመምኔቷ አይቆጧትም ነበር» አሉ። «የሌሊቱን ጸሎት ያስተዉዋትና ውኃ ቅጂ፣ እህል ፍጪ ይሏታል። ከእግዚአብሔር ከሆነ ይጠብቃታል፤ ከረሃብ ከሆነ እንጀራ ይመልሰዋል ይሉ ነበር።»

ሕልሙም ቶሎ አልቀነሰም። እናትና ልጅ አንድ ነገር ተስማሙ፤ ጠዋት ስትነቃ ያየችውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ትናገራለች፣ እናቷ ይሰማሉ፣ ከዚያ ቁርስ ይቀርባል። ትርጓሜ የለም። አንድ ቀን ግን ጽገረዳ በሦስት ዓረፍተ ነገር ማቆም አቃታት። ያየችው እንደገና ስልክ ነበር፤ አሁን የሚደውል የለም፣ መስመሩ ብቻ ያፏጫል።

«ያኔ እንደነበረው ነው» አለች።

የትኛው ያኔ ብለው አልጠየቋትም። በጦርነቱ ጊዜ የመቀሌ ስልክ ተቋርጦ አንድ ዓመት ተኩል ያህል የአሉላ ድምፅ የጠፋበትን ዘመን ሁለቱም ያውቁታል። በዚያ ዘመን ጽገረዳ በየቀኑ ሥራ ሄዳለች፣ ፋይል አውጥታለች፣ ፋይል አስገብታለች። አንድም ቀን አላለቀሰችም።

«አደይ፣ ያኔ አሉላን ያየ ሰው አገኘሁ ያልኩሽ...»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ሰው አላገኘሽም። ከዚያ የመጣ ሰው ሁሉ አፉን ሲከፍት መጀመሪያ የሚለው 'ከስቷል' ነበር። ያንቺ ሰውዬ 'ደህና ነው፣ ይስቃል' አለ።» ወይዘሮ መብርሂት ዳቦውን ቆርሰው ለሁለት ከፈሉት። «እኔም አልነገርኩሽም። ጥቁር ቀሚሴን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። መርዶው ሲመጣ እንዳልዋከብ ብዬ። ስልኩ የተከፈተ ዕለት ነው ለድሃ የሰጠሁት።»

ጽገረዳ ያን ቀን አለቀሰች። እናቷም አለቀሱ። ሥራ አርፍዳ ገባች፤ ሊዲያ ዓይኗን አይታ ምንም አልጠየቀቻትም፣ ይህ ለሊዲያ ትልቅ ነገር ነው። ሕልሞቹ በዚያ ቀን አልቆሙም። በሳምንታት ውስጥ ግን ቀለማቸው ደበዘዘ፤ ግንቦት ላይ ያየችውን ሳታስታውስ የምትነቃበት ጠዋት በዛ።

የፋሲካ ሰሞን የሰባቱንም ጎረቤት በር አንኳኩታ ይቅርታ ጠይቃ ነበር። ስድስቱ በሳቅ ሸኟት። እትዬ ጀማነሽ ግን በሩ ላይ አቁመው ሰሟት።

«ታመሽ ነው፤ ይገባኛል» አሉ። «እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ቤት መርዶ ሳደርስ ልሳኔ ይያያዛል። 'ማን ደወለ? የት አለ ቁጥሩ?' እያልኩ ነው የምሄደው።»

«እሱ እንኳ ጥሩ ሳይሆን አይቀርም፣ እትዬ።»

«ጥሩ ነው» አሉ ሳይስቁ። «ግቢና ጠላ ቅመሺ።»

በሰኔ ሐኪሟ ከፈለግሽ ልምምዱን በጥቂቱ ሞክሪ አለቻት። ጽገረዳ ብዙ አመነታች። መፍራቷንም፣ መጓጓቷንም አልወደደችውም። በመጨረሻ ካዛንቺስ ሄዳ በክፍሉ በስተኋላ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ፣ እግሯን መሬት አስነክታ፣ ዓይኗን ገልጣ አሥር ደቂቃ ተቀመጠች። ዮአብ ሰዓት ይዞላት ነበር፤ አሥሩ ሲሞላ መጥቶ ትከሻዋን ነካት። «አምስት ልጨምር?» አለችው ከልማዷ። «የለም» አለ። ተነሥታ ወጣች።

አሉላ ልጆቹን ይዞ ጳጉሜን ላይ መጣ። ገና ደረጃውን ሳይጨርስ ጎረቤት ሁሉ «የሞተው መጣ!» እያለ ተቀበለው፤ አቶ ታዲዎስ ከእድሩ የሟች ዝርዝር ላይ እስካሁን ስሙን ሊያሰርዝ እንዳልመጣ ነግረው አሾፉበት። እትዬ ጀማነሽ ግን ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩት፤ ከዚያ አገላብጠው ሳሙት።

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ከተበላ በኋላ ጽገረዳ መኝታ ቤቷ ገብታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሳሎን ልጆቹ በቴሌቪዥኑ ሪሞት ይጣላሉ፤ አሉላ በስልክ ከአንድ ሰው ጋር ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ ፈተና ውጤት ይከራከራል፤ እናቷ ሁሉንም ዝም በሉ ይላሉ፣ የሚሰማቸው የለም። መዳፏ ላይ ትንሽ ንዝረት መጣ። እግሯን ወለሉ ላይ አመቻቸችና ትንፋሿ ሲገባና ሲወጣ፣ ወንድሟም ሲጮህ እየሰማች አሥር ደቂቃዋን ጨረሰች።